የስሜን አበባ በጅጅጋ ጓሮ

ሚያዝያ 9 ቀን 1976፣ ጠዋት
ዛሬም አጠጣሁ። ቦኖ ተሰልፌ ባመጣሁት ውሃ! ግን በቀለልኝ፣ ደብተሬ፤ ወንድሜ ከስሜን ተራራ ለቅሞ የላከው ዘር በቀለ። ያ ውርጭ ላይ የሚያብበው፣ ዙሪያው ነጭ መሐሉ ቢጫ፣ ልጆች ሆነን ጸጉራችን ላይ የምንሰካው። ቅጠሉ ግን እንደማውቀው ብርማ አይደለም። አረንጓዴ፣ የተሰነጣጠቀ። ሙቀቱ ለውጦት ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝውውር ተከልክዬ፣ ይኸው አገሬ እኔ ዘንድ መጣ።

ሚያዝያ 20
ጥቅጥቅ ብሏል። ለ9ኛ «ለ» ተማሪዎቼ ለአርባዎቹም አንዳንድ ችግኝ አደልኩ። እንዲያብብ ላደረገ አስር ማርክ። ስለ ደጋ ዕፅዋት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለፈለፍኩ።

ግንቦት 11፣ ከሰዓት
አበበ። ነጭ ነው፤ ግን የሽንብራ ፍሬ እንኳ አያክልም! ተናደድኩ። እጄንም ያሳክከኛል። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ጎረቤቴ ወተት ሻጯ ኤዶ ሀሊማ በአጥር በኩል አይተው ፍየል እንኳ የማይነካው ነገር ነው፣ ንቀዪው አሉኝ። የደጋ አበባ ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባቸው። እኔ ነኝ አስተማሪዋ!

ግንቦት 24
ኤዶ ሀሊማ ቤቴ ድረስ መጡ። ላማቸው በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ በልታለች። ወተቱ መረረ፣ ደንበኞች መለሱባቸው። ቅመሺ አሉኝ። ቀመስኩ። ሬት ነው። በአበባዬ አይደለም፣ ሌላ ነገር በልታ ይሆናል አልኩ። ወተታቸውን ይዘው ሄዱ። አፈርኩ። አልነቀልኩም።

ግንቦት 27፣ 10 ሰዓት
ከግብርና መ/ቤት ሰው ጠራሁ። ሳቀብኝ። አረም ነው። ከእህል መኪና ጋር ሳይገባ አይቀርም፣ መንገድ ዳር ሁሉ አለ። የእኔ ዘር በዚህ ሙቀት ጨርሶ አልበቀለም። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፣ ማንም ይሳሳታል ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ማንም! የባዮሎጂ አስተማሪ ግን? ቅጠሉን ገና በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ እኮ። ማወቅ አልፈለግሁም።

የእኔን ነቅዬ ጨረስኩ። እጄ ይቃጠላል። ግን አርባ ግቢ! ዘሩ ከተበተነ አለቀልን።

ነገ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ እላለሁ። አስሩ ማርክ ከነሥሩ ነቅሎ ላመጣ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ኤዶ ሀሊማ ዘንድ እሄዳለሁ። አላወቅሁም ነበር አልልም። ወተቱን የቀመስኩ ዕለት አውቄ ነበር፣ አውቄ ዋሸሁዎት እላለሁ።