ካርቶኑ ሳይከፈት ስለጠፋው የደም ግፊት መለኪያ

ለተከበሩ የዋርካው ሥር ጤና ጣቢያ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ በጽሕፈት ቤትዎና በማኅተምዎ ላይ ይሁን። ብርዱ ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ አዲሱ ወንበርዎም ለወገብዎ እንደተመቸዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ አለሁ። እጄ «አለን» ብሎ መጻፍ ስለለመደ «አለሁ» የምትለውን ቃል ያገኘኋት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ድልዝ ቢያዩ ይለፉኝ።

ሀሚዱ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲክ ጥላ በታች ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ድንበር ለተገፋበት፣ ውርስ ለተከለከለች፣ በሬ ለጠፋበት ስጽፍ ነው የሸበትኩት። «አመልካች» ከሚለው ቃል ፊት የራሴን ስም ሳሰፍር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ክብር ያበቃኝ በቅርቡ የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሜ ለእርሱ አመሰግናለሁ።

ማስጠንቀቂያው «ያለ ፈቃድ በገበያ ቀን የሕዝብን ደም ግፊት ማስለካት በአስቸኳይ ይቁም» ይላል። በዘመኔ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ባለቤቴ ፈዲላ በሕይወት ሳለች በራችሁን ደጋግማ ስታንኳኳ ስማችንን የጠራው ሰው አልነበረም። አሁን ስማችን በማኅተም ተደግፎ ተጠርቷል፤ ግማሻችን ካለፈ በኋላ መሆኑ ብቻ ትንሽ አሳዝኖኛል። መልሴን ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ለእርስዎ ብቻ ብጽፈው መልሱን ብቻዬን ስጠብቅ እንዳልኖር ብዬ ነው። ጠባቂ ይብዛልኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ የሥራዬ ልማድ ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያውን ከሕዝብ ስለጠበቃችሁ።

ፈዲላ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ከምትናገረው ይልቅ የምታንጎራጉረው የሚበዛ ቀጭን ሴት ነበረች። ልጅ አልወለድንም፤ ቤታችን በእሷ እንጉርጉሮ ብቻ ሙሉ ነበር። ዘይት እጇን አቃጥሏት ወደ ጤና ጣቢያችሁ በሄደች ጊዜ ቁስሏን በደንብ አሰራችሁላት። እግረ መንገዷን «ማጅራቴንም ይዞኝ ሰንብቷል፤ ያንን ክንድ ላይ የሚታሰረውን ብትለኩኝ» አለቻችሁ። መለኪያው ከነካርቶኑ ዕቃ ቤት ነው፣ ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ሄዷል ተባለች። ሌላ ቀን ተመለሰች። ቁልፍ ያዡ ከሥልጠናው ተመልሶ ነበር፤ ይመስገነው፣ የሠለጠነ ሰው መሆኑ ከመልሱ ያስታውቃል፦

«እናቴ፣ ደም ብዛት የወፍራምና የባለጠጋ በሽታ ነው። እርስዎ ምን ደም አለዎትና ነው የሚበዛው?»

የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ሸኛት። ቤት ገብታ ይህንኑ ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ባለጠጋ አለመሆናችን የጠቀመን ነገር ተገኘ ብለን ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉብኝቱ ቀን።

ያን ቀን ከላይ የመጡ እንግዶች ሊጎበኟችሁ ስለነበር መለኪያው ከዕቃ ቤት ወጥቶ አበባ የተጠለፈበት ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ፈዲላ ወረፋ ላይ ነበረች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ እንዲያጨበጭብ ተጠየቀ፤ አጨበጨበች። የአንድ እንግዳ ክንድ ታስሮ ተለካ፣ ፎቶ ተነሳ፣ እንግዶቹ ወደ ምሳ ሄዱ፣ መሣሪያውም ወደ ካርቶኑ ተመለሰ፣ ካርቶኑም በፕላስተር ታሸገ። እንዲህ ሆኖ ባለቤቴ በእጆቿ ያጨበጨበችለት መሣሪያ በክንዷ ላይ ሳያርፍ ቀረ። «ይሰበራል ብለው ነው፤ የመንግሥት ዕቃ አይደል?» ብላ የተከራከረችላችሁም እሷው ነበረች። ጠበቃ ሳትቀጥሩ ጠበቃ ነበራችሁ።

ሦስተኛ።

ለዚህ ቁጥር የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ሙያዬ ከዳኝ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ ነበር። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ከጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወዲያ ሸሽተዋል። ፈዲላ «ሞትስ ቢሆን ከቤቴ አይሻልም?» ብላ እምቢ ስላለች እኛ ቀረን። ጤና ጣቢያችሁ ተዘረፈ። ለዘብነት የቀረው ሽማግሌ ካርቶኑ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከበሩ ሲወጣ አይቷል፤ ፕላስተሩ እንኳ አልተነሳም ነበር ብሎ ነግሮኛል። ለጥንቃቄያችሁ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ፈዲላ ከምንጭ ውሃ ይዛ ስትገባ ጀሪካኑ ከእጇ አመለጠ። ውሃው በግቢው ሲፈስ እሷ ቆማ ታየዋለች። «ምነው ፈዲ?» አልኳት። ልትመልስልኝ ስትሞክር አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ቀኝ እጇ ወረደ፣ ቀኝ እግሯ ከዳት፤ ደግፌ አስቀመጥኳት። ስሜን ልትጠራ «ሀ…» ትልና ይቀርባታል።

ጎረቤቴን አስረስን ጠራሁት። አስረስ ባለ ትዳር ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ እሱም ቤተሰቡን ልኮ ከብቶቹን ሊጠብቅ ነበር የቀረው። ከአልጋ ቃሬዛ ሠርተን ተሸክመናት ዳገቱን ወጣን። በራችሁ ተነቅሏል፣ መስተዋቱ ረግፏል፣ በክፍሎቹ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይዞራል። ወደ ደሴ እንዳንወስዳት መኪና የለም፤ ቢኖርም መንገዱ ለመኪና የሚሆን አልነበረም። አስረስ ቃሬዛውን እንደያዘ «ማን አለ? የሰው ያለህ!» እያለ ወደ ባዶው ግቢ ጮኸ።

ጩኸቱን ግን ፋሲካ ሰማች። ፋሲካ ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብላ የተመደበች የእናንተው ነርስ ናት፤ እናቷን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት ከጤና ጣቢያው በታች ካለው ቤታቸው ተደብቃ ነበር። ስትመረቅ የገዛችውን የራሷን መለኪያ ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ መሐል ቀብራ አትርፋዋለች። እህሉን ከላዩ እያራገፈች የፈዲላን ክንድ አሰረች። ሁለት መቶ ሠላሳ በመቶ ሠላሳ። እንደገና ለካች፤ ያው ነው።

«ጋሼ ሀሚዱ፣ ይሄ ዛሬ የመጣ አይደለም» አለችኝ። «ከቆየ ዓመታት አልፎታል። ደም ግፊት እንደ ሳል አይሰማም፣ እንደ ቁስል አይታይም፤ ብዙውን ሰው ራሱን እንኳ አያመውም። ዝም ብሎ ልብን፣ ኩላሊትን፣ የጭንቅላትን ሥር ሲጎዳ ይኖራል። በጊዜ ቢለካ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይያዝ ነበር።»

«ክኒኑስ አሁን?» አልኳት።

«ሁሉንም ወስደውታል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፈዲላ ጥቂት ቀናት ቆየች። በግራ እጇ እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ምን ልትለኝ እንደፈለገች ዛሬም አላውቅም። ስትሞት ጀናዛዋን የሚሸኝ ሰው አልነበረም። መንደሩ ቢኖር ኖሮ መንገዱ አይበቃውም ነበር፤ በርበሬዋን ያልበላ ቤት የለምና። ከየቤቱ የቀሩ አቅመ ደካሞች ሰገዱላት። ቀብሯን እኔና አስረስ ቆፈርን። አስረስ ሲጨርስ «እኔ የእናንተን ዱዓ አላውቅም፤ በራሴ ልበል» ብሎ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኮ ጸለየ። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን እርስዎ የት እንደነበሩ አልጠይቅም። ጦርነት ነበር፤ ሁሉም ነፍሱን ይዟል። የምጠይቅዎ ከጦርነቱ በፊት ስለነበሩት የሰላም ዓመታት ነው።

አራተኛ፣ ስለ ፖስተሩ።

ሰላም ወርዶ ጤና ጣቢያው ቀለም ተቀብቶ ሲከፈት፣ በሩ ላይ «የደም ግፊትዎን ዛሬውኑ ይለኩ» የሚል ያማረ ፖስተር ተለጠፈ። ታዛዥ ዜጋ ነኝና ዛሬውኑ ልለካ ገባሁ። «ፖስተሩ ደርሷል፤ መሣሪያው በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሂደቱን እንዳላውክ ብዬ ወጥቼ ፋሲካ ቤት ሄድኩ። አሳርፋ ለካችኝ፤ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት። በሌላም ቀን ደግማ ለክታ፣ ወደ ደሴ ልካኝ መድኃኒት ጀመርኩ። ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ወላሂ፣ ከሐዘኔ በስተቀር ጤነኛ ነበርኩ።

ክኒኔን በየማለዳው ከፈጅር ሰላት በኋላ እውጣለሁ። ስውጥ «ዋጥኩ» እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የሚሰማኝ የለም፤ ነገር ግን ሳልናገር የዋጥኩት አይመስለኝም። ጨውም ቀንስ ተብያለሁ። ይህ አልከበደኝም፤ ብቻውን ለሚበላ ሰው የወጡ ጨው መኖርና አለመኖሩ ብዙም አይታወቀውም።

ከዚያ በኋላ ነው እርስዎን ያስቆጣው ነገር የመጣው። ፋሲካ በገበያ ቀን፣ ከሥራዋ ውጭ፣ በላስቲኬ ጥላ ሥር መቀመጥ ጀመረች። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትለካለች፤ ከፍ ያለበትን ደግማ ትለካና ወደ ሐኪም ትልካለች። መጀመሪያ የቀረበው አስረስ ነበር፤ የመጣው ግን ሊያሾፍ ነው።

«እኔን? ያን ሁሉ ዳገት ሳርስ ውዬ የማላለከልከውን?» አለ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ፋሲካ ለክታ ክንዱን እንደገና ስታስር ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። የላይኛው ቁጥር መቶ ዘጠና ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ያርሳል፣ ሚስቱም ትቆጣጠረዋለች። ቀናሁበት ብል አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በክኒኑ አይደለም፣ በተቆጣጣሪው ነው። ከአምባሰል ዳገት ገብስ ጭነው የሚወርዱ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ይዘው የሚመጡ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጅጌውን እየሰበሰበ ይቀመጥ ጀመር። ስንቶቹ ሳያውቁት ታመው ተገኙ! ያ ጥላ ከፈዲላ በኋላ የሰው ድምፅ የሰማሁበት ብቸኛው ቦታ ነበር።

የእርስዎ ማስጠንቀቂያ የደረሰን እንዲህ እያለን ነው። ያመጣው መልእክተኛ ወረቀቱን ከሰጠን በኋላ ግራና ቀኙን አይቶ ኮቱን አወለቀና «እኔንም ቶሎ ለኩኝ» አለ። የመጨረሻው ተለኪ እሱ ሆነ። ውጤቱን አልነግርዎትም፤ የራሱ ነው።

ፋሲካ እንጀራዋ በእርስዎ እጅ ነውና መምጣቷን ተወች፤ አልፈርድባትም፣ እናት አላት። ባለፈው ገበያ ከአምባሰል ጫፍ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ወርደው እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ መጡ። ባዶውን ወንበር አይተው «ልጅቷስ?» አሉኝ። ተከልክላለች አልኳቸው። «ማን ነው መለካት የሚከለክል?» አሉ። ስምዎን ከነማዕረግዎ ነገርኳቸው። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መልሰው የመጡበትን መንገድ ተያያዙት። እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ ልጠራቸው ብል ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ?

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። በማንኛውም ጉዳይ ጤና ጣቢያዎ የሚገባ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ይለካልን። ይህ እስኪሆን ፋሲካን በወረቀት ይፍቀዱልን፤ ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ፈቃዱ ከተከለከለ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉብኝት አጨብጫቢ የሚሆነው ሕዝብ እየቀነሰ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

ትዕዛዝዎን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ምክንያቱን ግን እስካሁን የሚፈልግ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ባለቤት ደግሞ ከዚያ የበለጠ የሚመኝ፣
ራፖር ጸሐፊ ሀሚዱ
ከሐይቅ

ማስታወሻ፦ ባለፈው የከተማ ስብሰባ ከመድረኩ ላይ ሲናገሩ መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን ሲያሹ፣ ንግግርዎንም ሁለት ጊዜ አቋርጠው ሲቀመጡ ከኋላ ወንበር አይቼዎታለሁ። ነገሩ ድካም ብቻ ይሆናል፤ ሆኖም ሳይለኩ ማወቅ እንደማይቻል ተምሬያለሁ። በአደባባይ መታየት ቢከብድዎ ፋሲካን ይዘው ቤቴ ይምጡ። ወረፋ የለም፣ ሰውም አያይዎትም፤ ከእኔ በቀር የሚኖርበት የለም።