ውሃ ልትገዛ የወጣችው

ልጄ ፈሪሀ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ አፊያሽን አያጉድልብኝ፤ በሰው አገር ከሰው ፊት አያቁምሽ።

ማሽላው ዘንድሮ አምሯል። ፍየሏም መንታ ወለደች። ያን ሰሞን ስልክ ያላነሳሁልሽ ሆስፒታል ተኝቼ ነው፤ የሳንባ ምች ነው አሉኝ። አትደንግጪ፣ አሁን ድኛለሁ፣ አልሀምዱሊላህ። አልጋውንም መድኃኒቱንም የጤና መድህኑ ቻለልኝ። ለእኔ ቢጤ አሮጊት ደግ ነገር ነው። አስታማሚ ግን አይሰጥም።

ገና ስገባ ነርሷ "እናቴ፣ አስታማሚዎ የታለ?" ብትለኝ አፈርኩ። ጎረቤታችን ዘነበች ፍየሎቹን ይዛልኝ ቀርታለች። "ልጄ ውሃ ልትገዛ ወጣች" አልኳት። በማግስቱ "ሻይ ልትጠጣ ወርዳ ነው" አልኩ። በሦስተኛው ቀን "ሶላት ላይ ናት" አልኩ፤ አላህ ይማረኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቋን ተወች፤ ሾርባዬን ራሷ ታጠጣኝ ጀመር።

የወጣሁ ዕለት የመድህን ደብተሬን ስትመልስልኝ፣ ከውስጡ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ አየችና አንቺ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ውሃ ልትገዛ የወጣችው ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"ከወጣች ስንት ጊዜ ሆናት?"

"ስድስት ዓመት" አልኳት።

ነይ አልልሽም ልጄ፣ ኮንትራትሽን ጨርሺ። ስትደውዪልኝ ብቻ ቶሎ አትዝጊው፤ ከጓሮ እስክደርስ ጉልበቴ ያዘገየኛል። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ይመልስሽ። ስትመለሺ ውሃውን እንዳትረሺ።

እናትሽ ሀጀራ፣ ከቆቦ