የበግ ላት የነካው ጌጅ

ኅዳር 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ሞላሌ
ገበያ ስለሌለ ሰዓት ላሠራ ብሎ የመጣ የለም። ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ታሪኩ ብቅ አለ። የአሠሪውን የጋሼ አባይነህን ላንድሮቨር የነዳጅ መለኪያ ጌጅ ፈትቶ ይዟል። ጠቋሚዋ ዝጋ ድርቅ ብላለች። በንጉሡ ጊዜ የተሠራ መኪና... ምን ይጠበቃል? ቤንዚን ውስጥ ነከርኳት፣ ዝገቱን በመርፌ ጫፍ ጫርኩላት። ተላቀቀች፣ ግን ትንቀራፈፋለች። የሰዓት ዘይት ካለቀብኝ ሰንብቷል። ለአንዲት ጠብታ ደብረ ብርሃን ድረስ ማን ይሄዳል? የበግ ላት አቅልጬ ጠብ አደረግኩባት። ምድጃው አጠገብ ስሞክራት ፈጣን ሆናለች። ታሪኩ "እጅህ ይባረክ" ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር 11
ታሪኩ በብርድ ሲነዳ አምሽቶ፣ መሐል ሜዳ አድሮ በማለዳ ወደ ግሼ ሲሄድ፣ ጓሳ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ አሉ። "ጌጁ ግማሽ ይል ነበር" እያለ ይምላል። ጋሼ አባይነህ በቀትር ነዳጅ ይዘው ደርሰው ሲሞሉበት፣ ጠቋሚዋ እንደ ደንቡ ከፍ አለች።
"ጌጁማ ደህና ነው። ማታ ግማሽ የነበረውን ማን ጠጣው? ሸጠኸዋል" ብለው ቁልፉን ተቀበሉት። በሰው ፊት።
እኔንም መጥተው አመሰገኑኝ። "ያንተ ሥራ ባይሆን ሌባዬን አላውቀውም ነበር፣ ወዳጆ።"
ታሪኩ ይሰርቃል? የማይመስል ነገር...

ኅዳር 12
ጠዋት የተረፈውን ላት አየሁት። ጣሳው ውስጥ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በዚያ በማታው ውርጭ እንዴት ይሆናል? ጠቋሚዋ ማታ እየነዳ ሳለ ግማሽ ላይ ረግታ ቀርታለች፤ ነዳጁ ሲጎድል እሷ አልወረደችም። ፀሐይ ሲነካት ተለቀቀች። በቃ፣ የእኔው ሥራ ነው።
ሄጄ ልናገር? ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማን ያምነኛል...

ኅዳር 15
አልሄድኩም።

ኅዳር 19
የታሪኩ ሚስት መስታወት ልጇን አዝላ አባቷ ቤት ገባች፣ ጓሳ ዳር። "ከሌባ ጋር አልኖርም" ብላ።
እሱ ደግሞ ሱቄ ደጃፍ መጥቶ ቆመ።
"አንተ ታውቃለህ መቼም። ጌጅ ይዋሻል እንዴ?"
"እኔ እንጃ" አልኩት። እኔ እንጃ... ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 24
ትናንት ጋሼ አባይነህ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ። አላመኑኝም። ጌጁን ፈትተን ደጅ አሳደርነው። ጠዋት አንስተው ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብሉት ጠቋሚዋ ንቅንቅ አላለችም።
"አንተ... ይህን እያወቅህ..." ብለው ተዉት። ቁልፉን ራሳቸው ለታሪኩ ሊመልሱለት ወጡ። ተከተልኳቸው። ይቅርታ ስለው ሥራውን አላቋረጠም፤ እንጨት ይፈልጥ ነበር።
"የእኔን ተወው። ለመስታወት አንተው ሄደህ ንገራት" አለኝ።

ኅዳር 26
ጓሳ ዳር ደርሼ መጣሁ። መስታወት በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
"ይጠብቅሻል" አልኳት።
"እሱ እኮ ምሎልኝ ነበር" አለች። "በልጁ ምሎልኝ አላመንኩትም። አሁን በምን ዓይኔ ልየው?"
ብቻዬን ተመለስኩ።