የኋላው መቀመጫ

ውድ ልጄ፣

ስልኬን ማንሳት ስለተውክ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን የሚያደርስልህ ጓደኛዬ የአውቶብስ ሹፌሩ ነው፤ እጁ ላይ ሳላስረክብ አልመለስም ብሎ ምሎልኛል። አብሮ የሰጠህን ካርቶን ግን ገና አትክፈት። መጀመሪያ አንብበኝ። አንድ ቀን እንኳ እሺ በለኝ እንጂ!

ሞተሩን የመረጥኩልህ እኔው ነኝ፣ አልክድም። "አባዬ፣ ጠዋት ማታ ሥራ ስመላለስ ወገቤ ተቆረጠ፤ በእረፍት ቀን ደግሞ ከሚስቴ ጋር ራቅ ብለን መሄድ እንፈልጋለን፤ ምቹ ነገር ፈልግልኝ" እያልክ ከረምክ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በሞተር መድኃኒት ለየጤና ጣቢያው ሳመላልስ የኖርኩ ሰው፣ ደስ ብሎኝ ዞርኩልህ። አንዱ መሪው ሩቅ ነው፣ ክንድ ይገድላል። አንዱ ቁመቱ አይጣል ነው፣ መብራት ላይ ስትቆም እግርህ መሬት አይነካም። በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሙን ሞተር አገኘሁ። ቁጭ አልኩበትና፣ እውነቱን ልንገርህ፣ መነሳት አስጠላኝ። ሐኪሙ ወገቡን ስለሚያመው ወንበሩን በወፍራም ስፖንጅ አሠርቶታል፤ ንጥሻውን የሚውጠውን የኋላውን ሞላም በለስላሳ አስቀይሮታል። የፊት መስታወቱ ነፋሱን ከደረትህ ላይ ያነሳልሃል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ዥዋዥዌ ላይ ያለህ ነው የሚመስልህ። ወዲያው ደወልኩና "ተገኘ!" አልኩህ።

ያን ቀን ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከሐኪሙ ግቢ ስወጣ የሚስቱ እናት፣ ያረጁ ሴት፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ለብቻህ ነው የምትነዳው?" አሉኝ።

"ለልጄ ነው እማማ። ሚስቱን ከኋላ አድርጎ ነው የሚሄደው።"

"ከባድ ናት ቀላል?"

ሳቄ መጣ። "የኔ ምራት? ነፋስ ይወስዳታል!"

እሳቸው አልሳቁም። ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ቤቴ ስደርስ ነገሩ ሆዴ ገባ። የኋላው መቀመጫ መደገፊያ የለውም፤ የተነቀለበት የብሎን ቀዳዳ ግን እንዳለ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሐኪሙን ብጠይቀው "አላምር ስላለኝ ነው" አለኝ፤ ሲናገር ፊቴን አላየም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ደውዬ "ቆይ፣ አትቸኩል" ብልህ ምን ነበር ያልከኝ? "አባዬ አርጅተሃል፤ ጥላህን መፍራት ጀምረሃል። ከሰውዬው ጋር ጨርሻለሁ፤ እሁድ ከእሷ ጋር መጥተን በዚያው በተራራው መንገድ ይዘነው እንገባለን።" ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ተናድጄብሃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የኔን ሥራ ታውቀዋለህ። እኛ ባዶ ሞተር አንሞክርም፤ የሚጭነውን ጭነን ነው። ትላንት ሞተሩን ለግማሽ ቀን ለመንኩና ጆንያ በአሸዋ ሞላሁ፣ በምራቴ ልክ። ከኋላ አስቀመጥኩት። ማሰሪያውን እንዳጠብቅላት የላከችልኝን ሄልሜት አናቱ ላይ ደፋሁበት፤ የሰው ጭንቅላትም ነፋስ ይይዛላ! ጠፍሬ አላሰርኩትም። ሰው በገመድ አይታሰርም። የሴት ልጅ እጅ በሚይዘው ልክ በአንድ ላስቲክ ከወንበሩ ጋር አያያዝኩት። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ብቅ ብሎ "ሽማግሌው፣ ሙሽራዋን ወዴት እየወሰድክ ነው?" ብሎ ቀለደብኝ።

የተራራውን ቁልቁለት ወረድኩ። ምን ልበልህ፣ እንደዚያ ያለ ምቾት አይቼ አላውቅም። ወገቤ ዝም፣ ክንዴ ዝም። ድልድዩ ጋ ሳትደርስ አስፋልቱ ሰርጎድ የሚልባትን ቦታ ታውቃታለህ። አንተ በምትነዳው ፍጥነት ገባሁባት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ዝቅ፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ትንሽ ቀለል ያለኝ መሰለኝ፤ ቁልቁለቱ አልቆ ነው አልኩ። "ልጁ እውነቱን ነው፣ አርጅቻለሁ" ብዬ ለጆንያው ነገርኩት። ከዚያ ወሬ ያዝን። ስለ አንተ ልጅነት፣ ስለ እናትህ፣ ምኑ ቅጡ። ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሜ ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

ተመልሼ ሄድኩ። ጆንያው ከድልድዩ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀዶ አሸዋው ፈስሷል። ያ ሞላ ከፊት ያለውን እሹሩሩ ይለዋል፣ ከኋላ ያለውን ያሽቀነጥረዋል። የሚነዳው ደግሞ ምንም አይሰማውም።

ሞተሩን ስመልስ ሐኪሙ አልነበረም፤ በሩን የከፈቱልኝ ሴትዮዋ ናቸው። ባዶውን መቀመጫ አዩት።

"የት ጋ?" አሉኝ።

"ድልድዩ ጋ።"

"ልጄም ቀላል ነበረች" አሉ። "ማደያው ድረስ ሲያወራት ነው የሄደው።"

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ማታ ሐኪሙ ደወለልኝ። "ልጅህ እሁድ ይመጣል፤ ሞተሩን አጥቤ በር ላይ አቆምለታለሁ" አለኝ። ከቤቱ እስኪወጣለት ቸኩሏል። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ልጄ፣ አርጅተሃል በለኝ፣ ከፈለግክ ዓመት ሙሉ አትጠይቀኝ። እሁድ ብቻ አትምጣ። ሌላ እፈልግልሃለሁ፤ ወንበሩ ጠንከር ያለ፣ ከኋላ መደገፊያ ያለው። ወገብህን ትንሽ ቢያምህም ቻለው።

አሁን ካርቶኑን ክፈት። የሚስትህ ሄልሜት ነው። ማሰሪያውን እንዳለችኝ አጥብቄላታለሁ። ከፊት ሲያዩት ምንም አልሆነም። አዙርና ኋላውን እየው። ከዚያ ስልኬን አንሳ።

አባትህ