ከደጄ ያልወረደው ሰሌዳ

ለምወድሽ እህቴ ለሄድቪግ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልብሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ያስቆምሻል ወይ? የእግርሽ እብጠትስ ቀነሰልሽ? ባልሽ ሂንሪክና ትንሿ ቪብኬስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤንም ቢሆን ለምጄዋለሁ።

«ፌብሩዋሪ አራት ቀን ልቤን ሊከፍቱት ነው፤ ከዚያ በፊት ናና አንዴ ልይህ» ብለሽ የላክሽው ፖስት ካርድ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። መልስ ሳልሰጥሽ የቆየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። የበረዶው ሰሌዳ እኔ በር ላይ ስለተሰቀለ ነው። እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፤ ሂንሪክማ የሰሌዳውን ነገር ድሮ ስነግረው እንባው እስኪመጣ ነው የሳቀው።

የሕንፃችንን ደንብ ካልረሳሽው፣ ሰሌዳው የተሰቀለበት ሰው ከሕንፃው ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ጠርጎ እንዳያንሸራትት አመድ ይበትንበታል። ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ነው። አንድ በረዶ ወርዶ ከጠረገ በኋላ ሰሌዳውን ነቅሎ ለሚቀጥለው በር ያስተላልፋል። በረዶ ካልወረደ ሰሌዳው ባለበት ይቆያል። እንግዲህ እኔ ዘንድ የመጣው ጃንዋሪ አሥር ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ቀረ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ከላይ ግን አንዲት ብናኝ አትወርድም። በዚህ ከተማ በረዶ እንዲወርድለት መስኮት ላይ ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ላይ የጣሪያው አሸንዳ ያፈስሳል። ቀን የጣሪያው አሮጌ በረዶ በፀሐይ ሲቀልጥ የተንጠባጠበው ውሃ ሲነጋ መንገዱ ላይ እንደ መስታወት ተጋግሮ ይጠብቀኛል፤ እሱን በየጠዋቱ በብረት እፈልጣለሁ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሦስተኛ ፎቅ ወደሚኖረው የደንቡ ጠባቂ ወደ ኮልብ ወጥቼ፣ በየቀኑ መፍለጤ ተቆጥሮ ተራዬ ያብቃልኝ ብዬ ለመንኩት። ደንቡን ከመሳቢያ አወጣና መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «በረዶ ሲወርድ ነው የሚለው። ይኼ የወረደው ከአሸንዳ ነው። ግግር አይቆጠርም፣ ጎትሎብ፤ እኔ ምን ላድርግህ?» አለና በሩን ዘጋው። እኔም እሺ ብዬ ወረድኩ። ሰባ ዓመት ሙሉ እሺ ስል ኖሬ በስተርጅና ሌላ ቃል ከየት አመጣለሁ?

ለምን ሌላ ሰው እንዲተካኝ እንዳልለመንኩ ትጠይቂ ይሆናል። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አምና ለልደቴ የደወልሽልኝ ጠዋት መንገዱን እየጠረግሁ ነበር። ስልኩን ሰምቼ ሮጬ ስገባ በር የምታህል ቦታ ሳልጠርግ ቀረች። እኔ ከአንቺ ጋር ስስቅ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቫልትስ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው እዚያችው ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ እስከ ፋሲካ ሆስፒታል ተኙ። ጥፋቱ የአንቺ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከቶ እንዳታስቢው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሳቸውንም ተራ ልጠርግ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ተራ ደግሞ የእሳቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ በረዶ ቢወርድልኝ እንኳ ሌላ ሁለተኛ በረዶ መጠበቅ አለብኝ። በገዛ እጄ ተቆልፌ ቀረሁ፣ ሄዴ። በየማታው እስከ ፌብሩዋሪ አራት የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ደጄ ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁና ከፈትኩ። ወይዘሮ ቫልትስ ሰሌዳውን ነቅለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። የአንቺን ፖስት ካርድ አንብበውታል፤ ፖስታ አመላላሹ በስህተት እሳቸው ሣጥን ውስጥ ከትቶት፣ ለእኔ ያሳለፉት እሳቸው ነበሩ። ለምን አነበቡት ብላቸው «ሰው እንዳያነብበው የፈለገ በፖስታ ያሽገዋል!» ብለው ጮኹብኝ። ዳሌዎን ሰብሬ እንዴት አስጠርግዎታለሁ ስላቸው ደግሞ «የጣለኝ በረዶ ነው እንጂ አንተ ማነህ? እህትህ ብትሞት ይህን እንጨት ሬሳ ሣጥኗ ላይ ልትሰቅለው ነው? ሂድ፣ ከዓይኔ ጥፋ!» አሉኝ። አካፋውን ማን ሊይዝልዎ ነው አልኳቸው። «እሱን ለእኔ ተወው» ብለው እያነከሱ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ብረቴን ይዤ ወጣሁ። ኮልብ ከፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ግግር ይፈልጣል፤ «ይኼ እኮ አይቆጠርም» እያለ ያጉረመርማል። ወይዘሮ ቫልትስ መስኮቱን ከፍተው በከዘራቸው የቀረውን ቦታ ያሳዩታል።

ተመልሼ ስገባ በሩ ላይ ባዶ ሚስማር ብቻ አየሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም፤ ወረቀት አውጥቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ። እናታችን ለቀዶ ሕክምና ስትገባ እጇን ይዤ «ነገ እንገናኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። አልተገናኘንም። ያንን ቃል ለአንቺም እንዳልል ፈርቼ ነበር። ሰሌዳው ደጄ ላይ እያለ ይህን ለራሴም መናገር አላስፈለገኝም። አሁን ምክንያት አለቀብኝ፤ ሐሙስ በመጀመሪያው ባቡር እነሳለሁ።

ቪብኬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሰነፉን ድመታችሁን ቲሞንም ሰላም በይልኝ። ሂንሪክን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝና፣ ከሐሙስ ጀምሮ ደጃችሁን እንዳይጠርግ ንገሪው። ለእኔ ይተውልኝ፤ ባዶ እጄን አልጋ አጠገብ መቀመጥ አላውቅበትም።

ወንድምሽ ጎትሎብ

ኡልም፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1985