ሕዋስ ስንል

ውድ አያ ህሩይ፣

እንዴት ሰነበትህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደሰነበትህ አውቃለሁ። ድድህ እየደማ ነው። ከቤትህ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ በየመንገዱ ትቀመጣለህ። ዝማሬ ደውላ ነግራኛለች። ልጅህን አትቆጣት፤ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

በአንድ ቃል ምክንያት ልትሞት ነው። ሐኪሟ «መሪጌታ፣ የደም ሕዋሳትዎ ታመዋል» ስትልህ እኔ ደም ልሰጥህ ታች ወርጄ ነበር። አንተ የምታውቀው የመጽሐፉን ሕዋስ ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። «ሕዋሳቴስ ሸጋ ናቸው ልጄ፤ ያለ መነጽር አነባለሁ» አልሃት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። አንተም ሳቋን እንደ ስንብት ቆጥረህ ጋቢህን ለብሰህ ወጣህ። ስመለስ አልጋህን ለሌላ ሰጥተውታል።

ወለቃ ላይ ደረስሁብህ። ወደ ዳባት የተሳፈርህበት ሚኒባስ ጎማ ሊቀይር ቆሞ፣ አንተ ከሸክላ ሻጮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠሃል። ስለ ሕዋስ ማስረዳት ስጀምር አቋረጥኸኝ።

«ምነው ምንይችል፣ እኔንም ልትፈትነኝ ነው? አምስቱን ሕዋስ ስድስት አደረጋችሁት?»

«ስድስት አይደለም፤ አእላፋት ነው። በዓይን አይታይም።»

«እንግዲያ ያላየኸውን ታምናለህ። እኔን ስታማኝ የኖርኸው ለዚህ ነበር?»

ሻጮቹ ሳቁ፤ አንተም ሳቅህ። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ባርከኸኝ ገባህ።

መልሴን አሁን ስማ። አይቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ በማይክሮስኮፕ ያሳየሁት ነው። የአንተንም ደም አይቻለሁ፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ሕዋስ ትንሿ የሕይወት ቤት ናት። ዙሪያዋ ከስብ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ ውስጧ አብዛኛው ውኃ፣ ቀሪው ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ጨው። አንተ ከምትበላውና ከምትጠጣው ያልመጣ ነገር የለባትም። መሐሏ ላይ ኒውክለስ አለ፤ ምን እንደምትሠራና መቼ እንደምትከፈል ትእዛዙ እዚያ ነው። በአንተ መቅኒ ውስጥ ያ ትእዛዝ ተበላሽቷል። ነጫጮቹ የደም ሕዋሳት ሳይበስሉ ይባዛሉ። አንተ በምታውቀው ልንገርህ። ጉባኤ ቤትህን ፊደል ያልለዩ ሞልተውት፣ አይማሩ፣ አይሄዱ፣ ይበላሉ፤ ዜማ እየቀጸለ የሚያጠናው ልጅ ማደሪያ አጥቶ ይመለሳል። ምሳሌው ልክ አይደለም፤ ተማሪ ይመከራል፣ ሕዋስ አይመከርም። የሚያደክምህ ግን ይኸው ነው። ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀያዮቹ ቦታ አጥተዋል፤ ደም የሚያረጉትም አልቀዋል።

ጠበል ጀምሯል አሉኝ። ተጠመቅ፤ በዚህ ተከራክሬህ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም። መድኃኒቱን ግን ጨምርበት።

አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴ አንተ ነህ። ይህን በአፌ ነግሬህ አላውቅም፤ ስንገናኝ ክርክር ይቀድመናል።

ዓይንህና ጆሮህ እስከ መጨረሻው ሊቆዩልህ ይችላሉ። አምስቱም ደህና እንደሆኑ ትሞታለህ። ለቀስተኛውም «ምንም አልነበረውም እኮ፣ ትናንት ያነብ ነበር» ይላል፤ እኔም ቃሉን ለማን እንደማስረዳ ሳላውቅ ከመሐላቸው እቀመጣለሁ።

ትድናለህ ብዬ አልዋሽህም። ሐኪሟን ስጠይቃት መሬት መሬት አየች። «ጊዜ ሊጨምርለት ይችላል» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ ያንን ጊዜ እፈልገዋለሁ። አንተ ባትፈልገው እንኳ ለእኔ ብለህ ና።

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ የነገውን የሚያውቅ የለም። ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ባምላክ የሚባል ሾፌር ነው፤ ዳባት አድሮ ጠዋት ይመለሳል። ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ ለምኜዋለሁ።

ካልመጣህ መልስ እንዳትጽፍልኝ። መናኸሪያ ቆሜ ማን እንደሚወርድ አያለሁ።

ወንድምህ ምንይችል
ጎንደር