ስለ ሁለት ጣቃ አቡጀዲና ስለ ዘጠኝ መቶ ኩንታል ማሽላ

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለክቡር ፊታውራሪ አድማሴ
የንጋት እህል ንግድ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎን ጤና፣ የሥራ አስኪያጁን የአማችዎን ጤና፣ እንዲሁም የሒሳብ ተቆጣጣሪውን የታናሽ ወንድምዎን ጤና አላህ ያብዛልን። በዘንድሮው ዓመት ጤና የበዛበት ቤት በከተማችን መኖሩን መስማት ለእኛም ደስታ ነው። እኔ የማኅበሩ የአምስት አክሲዮን ባለቤት ስሆን፣ እርስዎም በአባልነት የተመዘገቡበት የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነኝ፤ ሰው ሲሞት ሕዝብ ጠርቼ የማስቀብር ማለት ነው።

በየካቲቱ ጠቅላላ ጉባኤ ያነበቡልን ሪፖርት ልብ የሚያሞቅ ነበር። ትርፋችን ከአምናው ሦስት እጥፍ መሆኑን፣ ይህም የመልካም አስተዳደር ፍሬ መሆኑን፣ ማኅበሩም ለወገኑ ያለበትን ግዴታ ሁለት ጣቃ አቡጀዲ ለከፈን በመለገስ መወጣቱን ሰምተን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ዛሬ እጄን ሳየው ያሳፍረኛል። ይሁን እንጂ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና ላመልክት።

፩ኛ. ደንባችን ሥራ አስኪያጁን ቦርድ፣ ቦርዱንም ተቆጣጣሪ እንዲከታተለው ያዝዛል። እርስዎ ሦስቱንም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ስላስቀመጧቸው የስብሰባ ወጪ አድነውልናል፤ ምሳ ሲቀርብ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ ማለት ነውና እናመሰግናለን።

፪ኛ. በታኅሣሥ ከወግዲና ከከላላ ገበሬ በርካሽ የገዛነው ዘጠኝ መቶ ኩንታል ማሽላ፣ ዋጋው ገና ይወጣል ተብሎ ተቆልፎበታል። በመጋዘኑ ግንብ ሥር ደግሞ ርሃብ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው አርባ ያህል ሰዎች ተኝተዋል። የእህሉ ሽታ ስለሚደርሳቸው፣ ከማኅበሩ ምንም አላገኙም የሚለው ወሬ ሐሜት ነው።

፫ኛ. ከነዚህ አንዷ አልታዬ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ነበረች። እህል ሲጫን ከበሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ከነአፈሩ ጠርጋ፣ አበጥራ፣ ቆልታ ልጆቿን ታበላ ነበር። መጋዘኑን ስለ መክፈት አንድ ቀን እንኳ ያልተወያየው ቦርድ ለዚህ ጉዳይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ጥራጊውም የባለአክሲዮኖች ንብረት መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ዘበኛውም ከበሩ ሥር ጆንያ አነጠፈ። በአምስት አክሲዮኔ መጠን ያ ጥራጊ የእኔም ነበር። አልታዬን ባለፈው ማክሰኞ ቀበርናት።

፬ኛ. በለገሱን አቡጀዲ ላይ የማኅበሩ ማኅተም በየክንዱ ስለታተመበት፣ ስንከፍናት አንዱ ማኅተም ፊቷ ላይ አረፈ። ብናዞረው ሌላው መጣ። ትልቋ ልጇ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ብትጠይቀኝ፣ ማንበብ አልችልም ብዬ ዋሸኋት።

ልመናዬ አንድ ነው፦ እስከ መጪው ዓርብ መጋዘኑ ተከፍቶ ለሁለቱ ልጆችና በግንቡ ሥር ላሉት ሁሉ እህል ይሰፈርላቸው። የእኔ የትርፍ ድርሻ በሙሉ ለዚሁ ይያዝ። አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮቹ በሞላ ሥልጣን እንደለቀቁ በራዲዮ ሰምተናል፤ የእኛ ቦርድ ከመንግሥት ይልቅ የጸና ሆኖ መገኘቱ እጅግ ያኮራናል።

ለጤናዎ ዱዓ ከማድረግ፣ ለሪፖርትዎም ከማጨብጨብ ቦዝኖ የማያውቀው፣
የጥራጊው ባለድርሻ
ሷሊህ አራጌ

ማስታወሻ፦ ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ አባወራ ከቅሬ እንደሚሰረዝ ያውቃሉ፤ እርስዎ አሥራ አንድ ቀርተዋል። ቅሬው ትናንት ተሰብስቦ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቃል፣ መጋዘኑ እስከ ዓርብ ካልተከፈተ በቤትዎ ሐዘን ቢደርስ ማንም መቃብር እንዳይቆፍር፣ ማንም ቃሬዛ እንዳይሸከም ወስኗል። ሁለተኛውን ጣቃ አቡጀዲ ሳንቆርጠው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል፤ ቀንዎ ሲደርስ የሚቀብርዎ ቢጠፋ እንኳ ከፈን አያጡም።